በሽታውን የሚያሻግረው ኤልክ፣ ቄራ የሚላከው ባይሰን

በረዶው ሲከብድ አሜሪካ ውስጥ ባለው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የሚኖሩ ባይሰኖች ወደ ታች ይወርዳሉ። ባይሰን ማለት ጎሽ የሚመስል ትልቅ የሰሜን አሜሪካ የዱር ከብት ነው። ከፍ ባለው መሬት ሣሩ በበረዶ ተቀብሯል፤ ዝቅ ባለው ግን አሁንም ይገኛል። ስለዚህ መንጋው ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል፣ በጋርዲነር ከተማ በኩል ከፓርኩ ይወጣና ሞንታና ግዛት ይገባል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። ፓርኩ ውስጥ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ባይሰን፣ ወሰኑን ሲያልፍ በሽታ ይዞ የመጣ ከብት ሆኖ ይቆጠራል። ይታደናል፣ በረት ገብቶ ይያዛል፣ ወደ ቄራ ይጫናል፣ ወይም በፈረስ እየተባረረ ይመለሳል።

በዚያው ሰሞን፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ኤልክም ይወርዳል። ኤልክ ማለት ቀንዱ እንደ ዛፍ የሚንሰራፋ ትልቅ የሰሜን አሜሪካ አጋዘን ነው። እሱም ያው በሽታ አለበት። ወሰን ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን የለም።

ይህ አለመመጣጠን አሜሪካ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። በ2024 መጨረሻ ላይ እንደገና ፍርድ ቤት ደርሷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ላይ ላዩን ሲያዩት የከብት አርቢና የእንስሳት ተቆርቋሪ ጠብ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በሽታ መቆጣጠር ማለት በሽታውን የሚያሻግረውን እንስሳ መቆጣጠር ነው ወይስ ለመቆጣጠር የሚመቸውን?

በመጀመሪያ ስለ በሽታው

በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል። ባለሙያዎቻችን የውርጃ በሽታ የሚሉት ነው። ብሩሴላ አቦርተስ የተባለችው ባክቴሪያ የእርጉዝ እንስሳ ማህፀን ውስጥ ትራባለች፤ ላሟም፣ ባይሰኗም፣ ኤልኳም ጽንሷን ታስወርዳለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው የመጀመሪያው እርግዝና ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ድነው ይወልዳሉ።

በሽታው ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚተላለፈው በተጨናገፈው ጽንስ፣ በእንግዴ ልጁና በፈሳሹ ነው። ከብት የማወቅ ጉጉት አለበት። ሜዳ ላይ የወደቀ ጽንስ ካየ ሄዶ ያሸታል፣ ይልሳል። አለቀ፣ ተያዘ። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ በግምት ከየካቲት እስከ ሰኔ ነው። በቅዝቃዜ ወራት ባክቴሪያዋ ከጽንሱ ጋር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ ትቆያለች። ፀሐይ ሲጠነክር ግን ቶሎ ትሞታለች። ተኩላው፣ ቀበሮውና ቁራውም ሥራቸውን ይሠራሉ። እኛ አገር ጅብ ሌሊት ሌሊት የሚያጸዳውን እዚያ እነሱ ያጸዱታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድ ባይሰን ጽንስ አያስወርድም። ስለዚህ ለላሞች የሚፈጥረው አደጋ ከቁጥር አይገባም። እንዲያም ሆኖ ባለፉት አሥርት ዓመታት ኮርማዎችም ከሴቶቹ ጋር ተይዘው ቄራ ሄደዋል። ሌላም አለ። ሆርስ ቢውት የሚባለው ከፓርኩ በስተ ምዕራብ ያለ ልሳነ ምድር ላይ የሚግጥ ላም አልነበረም። ባይሰኖቹ ግን በየግንቦቱ ከዚያ በፈረስና በሄሊኮፕተር ይባረሩ ነበር፤ እናቶቹ ገና የተወለዱ ጥጆቻቸውን አስከትለው። በሞንታና ገዥ ውሳኔ ዓመቱን ሙሉ እዚያ እንዲቆዩ የተፈቀደው በ2015 መጨረሻ ነው።

በሽታው ሰውም ይይዛል። ጥሬ ወተት በመጠጣት፣ ወይም ላም ሲያዋልዱ በባዶ እጅ በመንካት ይመጣል። ወጣ ገባ የሚል ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይያዙ ነበር። ዛሬ በመቶዎች ደረጃ ነው። ይህን ያመጣው ወተት ማፍላቱና በ1934 የተጀመረው አገር አቀፍ የማጥፋት ዘመቻ ነው። ዘመቻው መንጋ በመንጋ እየመረመረ፣ የታመመውን እያረደ፣ ጊደሮችን እየከተበ ሄደ። መንግሥትና አርቢዎች በአሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር አፍስሰውበታል። እና ተሳካ። በአሜሪካ ከብቶች ውስጥ በሽታው ጠፋ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር። ያም ቦታ የሎውስቶንና ዙሪያው ነው።

ማን ለማን ሰጠ?

ባክቴሪያዋ የአሜሪካ ተወላጅ አይደለችም። ከአውሮፓ በመጡ ላሞች ነው የገባችው። ባይሰን በሚሊዮኖች ሲቆጠር ይህ በሽታ አያውቀውም ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቆዳ ፈላጊና መንግሥት ተባብረው ጨረሱት። በ1902 አካባቢ በየሎውስቶን የቀረው የዱር መንጋ ወደ ሁለት ደርዘን ብቻ ነበር። መንጋውን ለማዳን ከቴክሳስና ከሞንታና የግል በረቶች ባይሰን ተገዝቶ መጣ፤ ፓርኩ ውስጥም እንደ ከብት ድርቆሽ እየተሰጠው አደገ። በዚያን ጊዜ ለሠራተኛና ለእንግዳ ወተት የሚታለቡ ላሞች ፓርኩ ውስጥ ነበሩ። በ1917 በሽታው በባይሰኖቹ ላይ ታየ።

ቆየት ብሎ የተሠራው የባክቴሪያዋ የዘር ጥናት ነገሩን የበለጠ ግልጽ አድርጎታል። በዚያ አካባቢ በሽታው ከላም ወደ ዱር እንስሳት የተሻገረው አንዴ ሳይሆን ቢያንስ 5 ጊዜ ነው። ኤልኮቹም ከባይሰን ብቻ አልወሰዱትም፤ በቀጥታ ከላሞች ወስደው ራሳቸው ሲያዛምቱት ኖረዋል።

ዛሬ ከየሎውስቶን ሴት ባይሰኖች ወደ 60 ከመቶ የሚሆኑት በደም ምርመራ የበሽታው ምልክት ይገኝባቸዋል። አስፈሪ ቁጥር ነው። ግን የደም ምርመራው የሚያሳየው እንስሳዋ በሕይወቷ ከበሽታው ጋር መገናኘቷን ነው። ብዙዎቹ ድነዋል፤ ባክቴሪያዋን አሁን የሚያሰራጩት ጥቂቶቹ ናቸው። መንጋውም ከነበሽታው ይራባል። በ2022 አጋማሽ ከ5,900 በላይ ደርሶ ነበር። በሽታው የባይሰን ህልውና ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። የላም ገበያ ጉዳይ ነው።

ገበያውስ እንዴት ነው? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ ግዛት ደረጃ ይሰጥ ነበር። «ከብሩሴሎሲስ ነጻ» የተባለ ግዛት ከብቱን ያለ ምርመራ ይሸጣል። ሞንታና ይህን ማዕረግ ያገኘችው በ1985 ነው። ማዕረጉ ከተነጠቀ ግን በሽታውን በዓይኑ ያላየ፣ ከፓርኩ በመቶዎች ኪሎሜትር የራቀ አርቢ ሁሉ ጥጃውን ከግዛቱ ለማስወጣት ማስመርመር አለበት። የሁለት አርቢዎች ችግር የሺዎች ችግር ይሆናል። ዋዮሚንግ በ2004፣ አይዳሆ በ2006፣ ሞንታና ራሷ በ2008 ይህ ደርሶባቸዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸው ነው ማዕረጋቸውን የመለሱት።

የአርቢው ፍርሃት ባዶ አይደለም። ይህን ሳያዩ ተቆርቋሪ መሆን ቀላል ነው። መንጋው ተይዞ የተገኘ ሰው በረቱ ይዘጋል። መሸጥ አይችልም። እንስሳቱ ደጋግመው ይመረመራሉ፣ የተያዙት ይታረዳሉ። በቀድሞው ደንብ ደግሞ ግዛቱ ማዕረጉን እንዳያጣ መንጋው በሙሉ እንዲያልቅ ይገፋፋ ነበር። ሦስት ትውልድ ሲያዳቅል የኖረውን ዘር በአንድ ሳምንት ማጣት ማለት ነው። ካሳ ይከፈላል፤ ዘሩን ግን ካሳ አይመልሰውም።

ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ሞንታና በ1995 የፌደራል መንግሥትን ከሰሰች። ቀጥሎ የመጣው የ1996–97 የበረዶ ወቅት እጅግ ከባድ ነበር። በረዶው ቀልጦ እንደገና ረጋና ሣሩ በበረዶ ግግር ተሸፈነ። ባይሰኖቹ በብዛት ወጡ። ወደ 1,100 የሚጠጉት ተገደሉ፤ ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩት ደግሞ በረሃብ አለቁ። ጉዳዩ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በ2000 ማብቂያ ላይ ክሱ በስምምነት ተዘጋና ፓርኩ፣ ሞንታናና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የጋራ የባይሰን አስተዳደር ዕቅድ ፈረሙ። የዕቅዱ ዓላማ ባይሰንና ላም በቦታና በጊዜ እንዳይገናኙ ማድረግ ነበር። የመንጋውም ልክ 3,000 ገደማ እንዲሆን ታሰበ።

ኤልኩን ፈርቶ ባይሰኑን

በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጡ። ከ1998 ጀምሮ በአካባቢው 27 የላምና የእርባታ ባይሰን መንጋዎች በበሽታው ተይዘዋል። የሁሉም ምንጭ ሲጣራ ኤልክ ሆኖ ተገኘ። ከዱር ባይሰን የመጣ አንድም አልነበረም።

አንድም። ይህ ቁጥር ለባይሰን ተከራካሪዎች የማይነጥፍ መሣሪያ ሆኗል። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይሻላል እላለሁ። ባይሰን በሽታውን ያላስተላለፈው ማስተላለፍ ስለማይችል አይደለም። ላምና ባይሰን አብረው በረት ውስጥ ሲቀመጡ እንደሚተላለፍ በሙከራ ታይቷል። ያልተላለፈው እንዳይገናኙ ብዙ ገንዘብና ጉልበት ስለፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ክትባት የወሰደ ልጅ በኩፍኝ አልታመመም ብሎ ክትባቱ ከንቱ ነበር አይባልም። የሞንታና ባለሥልጣናት የሚሉት ይህንን ነው፤ ፍሬ ያለው ክርክር ነው።

ግን ይኸው ክርክር የሚሠራው እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ባይሰኑን መለየቱ ሠርቷል እንበል። ታዲያ 27ቱ መንጋዎች ከየት ታመሙ? አንዱን በር በቁልፍ ላይ ቁልፍ እየጨመሩ ሌላውን ወለል አድርጎ መተው ነው የሆነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አህያው የተፈራበት ምክንያት አለው። አንደኛው ሕጉ ነው። ሞንታና በ1995 ባወጣችው ሕግ ከየሎውስቶን የሚወጣ ባይሰን ጉዳይ ለከብት መሥሪያ ቤቱ ተሰጠ። ኤልክ ግን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ያው በሽታ፣ ያው ሸለቆ፤ አንዱ እንስሳ ሥራው ከብት መጠበቅ ለሆነ ቢሮ፣ ሌላው ሥራው አደን ማስተዳደር ለሆነ ቢሮ። ሁለቱ ቢሮዎች የሚያዩትም የሚፈሩትም አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሞንታናም ዋዮሚንግም እያንዳንዳቸው ከመቶ ሺህ በላይ ኤልክ አላቸው። የኤልክ አደን እዚያ ባህል ነው፤ ሆቴሉን፣ ነዳጅ ማደያውን፣ አስጎብኚውን ሁሉ ያበላል። የአደን ፈቃድ ገቢው ራሱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ደመወዝ ይከፍላል። ከብት አርቢው እንኳ በመስከረም ጠመንጃውን አንግቶ ኤልክ ፍለጋ የሚወጣ ነው። «ኤልኩን እንደ ባይሰኑ በረት አስገብተን እንመርምር፣ የተያዘውን እንረድ» የሚል ፖለቲከኛ በቀጣዩ ምርጫ ቤቱ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ተፈጥሮ ነው። ባይሰን በመንጋ፣ በሸለቆ፣ በታወቀ መንገድ ይሄዳል። ማቆም ይቻላል። ኤልክ በጫካና በተራራ ተበታትኖ ይሄዳል፤ አጥር ይዘላል፤ ሰው ሲሸተው ይሰወራል። ስቲቨንስ ክሪክ ላይ ፓርኩ የባይሰን መያዣ በረት አለው። የዱር ኤልክን በዚያ ልክ መያዝ ግን የማይሞከር ነው።

አራተኛው ብዙም አይነገርም እንጂ ሣር ነው። ባይሰን ትልቅ እንስሳ ነው፤ ይበላል፣ አጥር ይሰብራል። ባይሰን ከፓርኩ ውጭ በሰፊ የሕዝብ መሬት ይኑር ከተባለ ዛሬ በርካሽ ኪራይ ላም የሚግጥበት መሬት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ነገ በሽታው በተአምር ቢጠፋ እንኳ ባይሰኑን ሰፊው መሬት ላይ የሚቀበሉት ሁሉም አርቢዎች አይደሉም። በሽታው እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አይመስለኝም።

የድርቆሹ ጣጣ

ከሁሉ የሚገርመው የዋዮሚንጉ ታሪክ ነው። ከየሎውስቶን በስተ ደቡብ ጃክሰን ሆል የሚባል ውብ ሸለቆ አለ። ድሮ ኤልኮች በረዶውን የሚያሳልፉት እዚያና ከዚያም ዝቅ ብለው ነበር። ሰዎች መጥተው አጠሩት፤ ላም አረቡበት፤ ለላሞቹ ድርቆሽ ከመሩ። መንገዱ የተዘጋበት ኤልክ ተራበና ድርቆሹን ዘረፈ። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ኤልኩን ራሱን መመገብ ነበር። በ1912 ብሔራዊ የኤልክ መጠለያ ተቋቋመ። ግዛቱም በየቦታው የራሱን መመገቢያ ሜዳዎች ከፈተ፤ ከ20 በላይ ሆኑ።

ነገሩ ለሁሉም የተስማማ መሰለ። አርቢው ድርቆሹ ተረፈለት፣ አዳኙ ኤልኩ በዛለት፣ ኤልኩም ጠገበ። ግን የመመገቢያ ወራት እና የውርጃ ወራት አንድ ላይ ናቸው። በተራራ ተበታትኖ የሚያስወርድ እንስሳ ጽንሱን የሚያገኘው ቀበሮ ነው። መመገቢያ ሜዳ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤልኮች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይበላሉ። አንዷ ስታስወርድ ስንቱ ያሸታታል! በመመገቢያ ሜዳ ካሉ ሴት ኤልኮች ሩብ ገደማ የሚሆኑት የበሽታው ምልክት ሲገኝባቸው፣ በራሳቸው ከሚግጡት ውስጥ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ከመቶ ብቻ ነበር። ኤልክና ላምን ለመለየት የተሠራው ነገር በሽታው የሚፈለፈልበት ቤት ሆነ።

ዝጉት ማለት ቀላል ነው። ሜዳው በተዘጋ ማግስት የተራበው ኤልክ የሚሄደው ወደ አርቢው ድርቆሽ ነው፤ ያውም ከነበሽታው። ስለዚህ አርቢዎቹ መመገቡ እንዲቀጥል ይሻሉ።

ዋዮሚንግ ሌላ መንገድ ሞክራ ታውቃለች። ከ1985 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል መመገቢያ ላይ ያሉ ኤልኮችን በአየር ጠመንጃ፣ በሚሟሟ ጥይት ውስጥ በተቀመጠ ክትባት ስትከትብ ኖረች። ብዙም አልፈየደም፤ ቆመ። ከ2006 እስከ 2010 ደግሞ መዲ ክሪክ በተባለ ሜዳ ሴቶቹን በወጥመድ በረት ይዞ እየመረመሩ የተያዙትን ማረድ ተሞከረ። ይህኛው ሠራ። የተያዙት ቁጥር ከ37 ከመቶ ወደ 5 ከመቶ ወረደ። ግን ወጪው ከባድ ነበር፤ ሕዝቡም አልወደደው። ከቆመ በኋላም ቁጥሩ ወደ ላይ መመለሱ የማይቀር ነው።

አሁን ደግሞ በሽታው ከመመገቢያዎቹ ርቆ በነጻ በሚግጡ ኤልኮች ውስጥ በራሱ መቆም ጀምሯል። አንዱ ምክንያት ያልተጠበቀ ነው። ሀብታሞች ከከተማ እየመጡ የድሮ የከብት እርሻዎችን ይገዛሉ። አደን አይፈቅዱም፤ ኤልክ በመስኮት ማየት ነው የሚፈልጉት። ኤልክ ሞኝ አይደለም። የማይተኮስበትን ግቢ ለይቶ ያውቃል፣ በብዙ መቶ ሆኖ እዚያ ይሰፍራል። ሌሊት አጥር ዘሎ ጎረቤት ካሉት ላሞች ጋር ይግጣል። ማንም ድርቆሽ ሳይሰጠው መመገቢያ ሜዳ ተፈጠረ ማለት ነው።

ከ2010 ወዲህ ግን የአርቢው ሸክም በአንድ በኩል ቀሏል። ግብርና ሚኒስቴሩ ደንቡን ለወጠ። አሁን አንድ መንጋ ሲታመም ግዛቱ በሙሉ አይቀጣም። በሦስቱ ግዛቶች የተከለለ የክትትል ቀጠና አለ፤ በዚያ ውስጥ ያለ አርቢ ጊደሮቹን ይከትባል፣ ለእርባታ የሚሆነውን ከብት ከቀጠናው ሲያስወጣ ያስመረምራል። የተያዘ መንጋ በሙሉ ማለቁም ቀርቷል። ይህ ለውጥ ብዙ ሰው ከሚያወራለት በላይ ትልቅ ነው። ባይሰኑ ላይ የነበረው ጭካኔ ሁሉ የቆመው «አንድ ባይሰን ግዛቱን ያከስራል» በሚል ሒሳብ ላይ ነበር። ሒሳቡ ከተቀየረ 15 ዓመት አልፎታል። አሠራሩ ግን ገና እየተጎተተ ነው።

እኛስ?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሩቅ አገር የሚሆን ነገር ሊመስለው ይችላል። ግን ከላም ወደ ዱር፣ ከዱር ወደ ላም የሚሄድ በሽታን እኛ ካወቅነው ቆይቷል። ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት የሚባለው የከብት ወረርሽኝ) በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች ነው የመጣው። በሬውን ፈጅቶ ገበሬውን ለረሃብ ሰጠ። ከዚያም በአፍሪካ ወደ ደቡብ እየወረደ ጎሹንም ላሙንም አንድ ላይ ጨረሰ። ለረጅም ጊዜ የዱር እንስሳት ናቸው የሚደብቁት ተብሎ ይታመን ነበር። በሰረንጌቲ ዙሪያ ያሉ ላሞች ሲከተቡ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። ለካስ ምንጩ ላሙ ነበር። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1995 በአፋር ታየ፤ እዚያ በሽታውን ያቆመው የአርብቶ አደሩ ልጆች ራሳቸው ሠልጥነው በየሰፈሩ የሰጡት ክትባት ነው። በ2011 ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ ተባለች።

የየሎውስቶን ችግር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በደስታ በሽታ ላሙን መከተብ ዱሩንም አዳነ። በብሩሴሎሲስ ግን ላሙ ድኖ በሽታው ዱሩ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል። ለላም የሚሰጠው ክትባትም ውርጃን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም።

የገበያው ነገርም አዲስ አይሆንብንም። በ2000 የሪፍት ቫሊ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሳ ባሕረ ሰላጤው ከአፍሪካ ቀንድ ከብት መግዛት አቆመ። የሶማሌ አርብቶ አደር አንድ የታመመ ፍየል ሳይኖረው ገበያው ተዘጋበት። የሞንታና አርቢ ስለ «ማዕረግ» ሲጨነቅ ጅጅጋ ያለ ነጋዴ በደንብ ይገባዋል። ብሩሴሎሲስ ራሱም ቦረናና አፋር ውስጥ አለ። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት፣ ላም በባዶ እጅ በሚዋለድበት ቦታ ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ የሚያልፍ ትኩሳት ነው።

አሁን ያለበት ደረጃ

በባይሰን ጉዳይ አዲስ ድምፅ የመጣው ከቀደምት አሜሪካውያን ሕዝቦች ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በፈረሟቸው ውሎች በቀደመ መሬታቸው የማደን መብት ያላቸው ሕዝቦች፣ ኔዝ ፐርስ ቀድመው በ2006፣ ሌሎች ተከትለው፣ ከፓርኩ በሚወጡት ባይሰኖች ላይ አደን እንደገና ጀመሩ። በ2022–23 የበረዶ ወቅት ከ1,500 በላይ ባይሰኖች ከመንጋው ተቀንሰዋል፤ አብዛኞቹ በአደን። ቤተሰብ ይመግባል፣ ባህል ይመልሳል። ያም ሆኖ ጋርዲነር አጠገብ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ብዙ አዳኝ ተሰልፎ የሚወጣውን ሁሉ መተኮሱ ራሳቸውንም ሕዝቦቹን አከራክሯል።

ሁለተኛው መንገድ ባይሰኖቹን በሕይወት ማንቀሳቀስ ነው። ተይዘው ይመረመራሉ፣ በለይቶ ማቆያ ለወራት አልፎም ለዓመታት ይቆያሉ፣ ንጹሕ መሆናቸው ሲረጋገጥ ሞንታና ውስጥ ወዳለው የቀደምት ሕዝቦች መሬት፣ ወደ ፎርት ፔክ ይላካሉ። እዚያ አሲኒቦይንና ሱ (Sioux) የሚባሉት ሕዝቦች የመጨረሻውን ምርመራ ያካሂዳሉ። ከ2019 ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባይሰኖች በዚህ መንገድ ለተለያዩ ሕዝቦች ተከፋፍለዋል። ቄራ ሊሄድ የነበረ እንስሳ ከ100 ዓመት በላይ ባይሰን ያልረገጠው መሬት ላይ ሲለቀቅ ማየት ደስ ይላል። ቦታው ጠባብ፣ ሂደቱ ረጅም ስለሆነ ግን ቁጥሩ ከሚወጣው ጋር አይመጣጠንም።

በ2024 ሐምሌ ፓርኩ አዲስ ዕቅድ አጸደቀ። ከወሊድ በኋላ የመንጋው ቁጥር ከ3,500 እስከ 6,000 ይሁን፤ ከቄራ ይልቅ ለሕዝቦቹ መስጠትና አደን ይቅደም ይላል። ሞንታና የበዛ ነው አለች። ዓመቱ ሳያልቅ ከሰሰች።

ክሱ በየትኛውም በኩል ቢያልቅ የላሞቹን ዕጣ ብዙ የሚለውጥ አይመስለኝም። ባይሰኑ 3,000 ቢሆን ወይም 6,000፣ ኤልኩ አጥር መዝለሉን አይተውም። የሚያዋጣው ሥራ ዜና የማይሆነው ነው። ድርቆሹን ኤልክ በማይደርስበት አጥር መከለል አለ። ላሞቹን ከውርጃው ወራት በኋላ ወደ ሜዳ ማውጣት አለ። ከብት አጠገብ የሚከማቸውን ኤልክ በአደን መበተን፣ አደን ከሚከለክሉት ባለሀብቶች ጋርም ቁጭ ብሎ መነጋገር አለ። በዚህ ላይ በ2025 መጀመሪያ አንድ ደህና ነገር ሆኗል። ብሩሴላ አቦርተስ ለባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ሊውሉ ይችላሉ ተብለው በጥብቅ ከሚያዙ ጀርሞች መዝገብ ወጥታለች። እስከዚያ ድረስ በትልልቅ እንስሳት ላይ አዲስ ክትባት መሞከር ከባድ የደኅንነት ላቦራቶሪ ይጠይቅ ስለነበር ተመራማሪዎች እጃቸውን ሰብስበው ነበር።

ዋዮሚንግ ደግሞ ጊዜ የላትም። የኤልክ አንጎል የሚበላው፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው የመመንመን በሽታ ወደ መመገቢያ ሜዳዎቹ ገብቷል። ይህኛው በሽታ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ትከሻ ለትከሻ የሚበላ መንጋ ለእሱም ምቹ ነው። ግዛቷ በ2024 ለመመገቢያዎቹ ረጅም ዕቅድ አውጥታለች፤ በአንድ ጊዜ መዝጋትን ግን አልደፈረችም። ሜዳዎቹ ቀስ በቀስ ይቀነሱ ከተባለ የኤልኩ ቁጥር አብሮ መውረድ አለበት፣ የአርቢውም ድርቆሽ መታጠር አለበት፤ የአጥሩን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ደግሞ ከአሁኑ መነጋገር ይኖርባቸዋል።